እንቅልፍ የማይገባባት ክፍል

ጥር 3

ዛሬም ደክሞኝ ገባሁ። አውቶቡሱን አስረክቤ ቤት የደረስኩት እግሬ ወስዶኝ አይደለም፣ ልማድ ገፍቶኝ ነው። ልጃችን በሩ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ገና አምስት ዓመቷ ነው። ከዓይኗ ሥር ግን ጠቁሯል። ትናንትም አልተኛችም። እናቷም አልተኛችም። እኔስ? ለስሙ ጋደም ብያለሁ።

የባለቤቴ ታላቅ እህት መጥታ ነበር። "ጉጉቷ እንዴት ናት?" አለች እየሳቀች። ማንም አልሳቀላትም።

ጥር 6

ወደ ሕፃናት ሐኪሟ ወሰድናት። ጆሮዋን አየች፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች። ምንም የለባትም አለች። ከዚያ ስለ ክፍሏ መጠየቅ ጀመረች። መስኮቱ በየት በኩል ነው? መብራቱስ? ቴሌቪዥን አለ? እኔ ትራፊክ ፖሊስ እንዳስቆመው ሾፌር ቃሌን እየቆጠብኩ መለስኩ። ክፍሉ ጨለም፣ ቀዝቀዝ፣ ጸጥ ይበል አለች። አልጋው ለመኝታ ብቻ ይሁን። ማታ ማታ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር… ገላ መታጠብ፣ ተረት፣ መብራት ማጥፋት።

ሲወራ ቀላል ነው።

ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱን ሁሉ ፊቷን አዙራ መጣች። ገባኝ። ክፍሉን የቀባችው እሷ ናት። ቢጫና ብርቱካናማ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ፀሐይ። ሆዷ ገፍቶ፣ ወንበር ላይ ቆማ የሳለችው። ውረጂ ብላት መቼ ሰምታኝ…

ጥር 7

የክፍሏ ጥግ ላይ የሕፃኑ አልጋ አለ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩትም። ሰኔ ላይ ባለቤቴ ወንድ ልጅ ወለደች። አላደረም። ባዶ እጃችንን ተመለስን። አልጋው ግን እንደተነጠፈ ነው። አንሶላው ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይመለሳል። ማን እንደሚያጥበው አውቃለሁ። አልጠይቅም።

ይውጣ ልበላት?… ነገ።

ጥር 8

አላልኳትም።

ጥር 10

ዛሬ አውቶቡሱን እየነዳሁ አደባባዩ ጋ ዓይኔ ተከደነ። ለምን ያህል ጊዜ? እንጃ። ስገልጠው ከፊቴ አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች… ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ቆሞ የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ እላዬ ላይ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። እግዜር ይመስገን፣ የተጎዳ የለም። አንዲት እናት ክርናቸውን እያሹ መጡ። ይሳደባሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ልጄ፣ አንተንም እኮ ቤት የሚጠብቅህ ሰው አለ" አሉኝ።

ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ለስምሪት ኃላፊው ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ቁልፉን ተቀበለኝ። አልተቆጣም። ለሁለት ሳምንት ያህል ቤትህ ሁን፣ ተኝተህ ና አለኝ።

ተኝተህ ና… ከየት አምጥቼ?

ጥር 11

ለባለቤቴ ነገርኳት። ልደብቃት አስቤ ነበር፣ ፊቴ አሳበቀብኝ። ሰምታኝ ስታበቃ ተነሥታ የልጅቷን ክፍል በር ከፈተች። ከዚያ ክፍሉን ሐኪሟ እንዳለችው እንሥራው አለች።

"ጥጉ ላይ ያለውን አልጋ ግን እንዳትነካው።"

እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ጥር 12

ቀኑን ሙሉ ሥራ። ቴሌቪዥኑ ወደ ሳሎን ወጣ። መጫወቻው ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ። ጎረቤታችን አናጢው ሲጢጥ የሚለውን አልጋዋን አጠበቀልን፣ ከመስኮቱም አራቅነው። ባለቤቴ ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ መጋረጃ ሰፋች። ስንሰቅለው በቀትር ምሽት ሆነ።

ቀለሙን ልጅቷ ትምረጥ አልን። ሱቁ ውስጥ ስትዞር ቆይታ አንዱን ቆርቆሮ ነካችና "ይሄ ደክሞታል" አለች። ግራጫ የሚመስል ሰማያዊ። ባለ ሱቁ ሳቀ። እኛም ያንኑ ገዛን። በድካም ማን ከማን ያንሳል?

ፀሐይዋን ባለቤቴ ራሷ በአዲሱ ቀለም ሸፈነቻት። የቀለም ሩሎውን ስጪኝ ብላት እምቢ አለች። ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት። ጥጉ ጋ ስትደርስ አልጋውን በፕላስቲክ ሸፈነችው፣ ቀለም እንዳይነካው።

ጥር 14

ክፍሉ አለቀ። ያምራል። ገና ስገባ ነው የሚያስተኛኝ። እውነትም አስተኛኝ። ተረቱን እያነበብኩላት ነበር… "አባዬ፣ እያንኮራፋህ ነው" ብላ ቀሰቀሰችኝ። የእሷ ዓይን እንደፈጠጠ ነው።

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይላሉ። ትንሽ እንታገሥ። ግን ደከመኝ። በእውነት ደከመኝ።

ጥር 16

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ልብሷን የምትሰቅልበትን እንጨት ግድግዳው ላይ ስመታ እሷ ምስማር ታቀብለኝ ነበር። እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። መጋረጃው አልተመቸሽም? ተመችቶኛል። ጨለማው ያስፈራሻል? አያስፈራኝም። ታዲያ ለምንድን ነው የማትተኚው?

"ሕፃኑን እየጠበቅኩት ነዋ።"

መዶሻውን አስቀመጥኩ። ማን ጠብቂው አለሽ አልኳት። እማዬ አለች። "አንቺ ትልቋ ነሽ፣ ወንድምሽን ትጠብቂዋለሽ ብላኝ የለ? ከተኛሁና ቢመጣስ?"

እናቷ ትንከባከቢዋለሽ ማለቷ ነበር። ልጅቷ ደግሞ… እስኪመጣ መጠበቅ። ከሰኔ ጀምሮ።

እንዴት አልነገርናትም? እኔ እናቷ ነግራታለች ብዬ። እናቷ አክስቷ። አክስቷ እኛ። ሰው ሁሉ ሊያጽናናን ሲመጣ እሷን ሂጂ ተጫወቺ እንል ነበር።

ለባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነገርኳት። እጇ ሳሙና እንደሆነ ቆማ ቀረች።

ጥር 17

ጠዋት ነገርናት። እኔ ጀመርኩ፣ ግን ሌላ ሌላውን አወራሁ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ አደረገቻት። ወንድሟ አሞት እንደነበር፣ እንደሞተ፣ የሞተ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ነገረቻት። ማንም ጥፋት እንደሌለበትም። እንዲህ በግልጽ ስታወራ እኔም ገና መስማቴ ነው። ለእኔ እንኳ ብላው አታውቅም።

ልጅቷ ዙሪያውን አየች።

"ክፍሉን ስላልወደደው ነው?"

"አይደለም፣ የኔ እናት። ክፍሉን አላየውም። ከእንግዲህ አትጠብቂው።"

መጀመሪያ ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ ሦስታችንም። ምሳ ያበሰለ የለም።

ጥር 18

ካቻቪቴውን ያመጣችልኝ ባለቤቴ ናት። የሕፃኑን አልጋ ፈታሁት። ልጅቷ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛ ቆመች። አንሶላውን ባለቤቴ አጥፋ ወሰደችው። የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም፣ እሱ የእሷ ይሁን። እንጨቱን አናጢው መጥቶ ተሸክሞ ወሰደው። ባለቤቴን ጥጉ ላይ ምን እናድርግ አልኳት። ለጊዜው ባዶ ይሁን አለች።

ጥር 19

ተኛች።

ጥር 20

ዛሬ ደግሞ ሁለቴ ነቃች። እኛ ጋ መጥታ ትንሽ አለቀሰችና ተመለሰች። ያው… ተአምር የለም።

ጥር 23

ሥራ ተመለስኩ። የስምሪት ኃላፊው ፊቴን ትክ ብሎ አየና ቁልፉን ሰጠኝ። ሙሉ በሙሉ አልበረታሁም፣ ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ደነገጥኩ። ልጅቷ ሳሎን ወለሉ ላይ ነበረች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ክፍሏ ጠቆመችኝ። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። መጋረጃው ተዘግቷል። ባለቤቴ በልጅቷ አልጋ ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አላየኋትም። ወዲያው ዘጋሁት።

አንቺስ ምን እየሠራሽ ነው አልኳት ልጅቷን፣ በሹክሹክታ።

"ምንም። እየተጫወትኩ ነው" አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝም።