ባለሆዱ ስክሪን

መጋቢት 3
ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። የጌም ማሽኑን ከግድግዳው አላቅቄ ጀርባውን ከፈትኩ። አቧራ ብቻ። ሳጥኑን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ ጌም ቤታችንን ስንከፍት። አናጢ ባል ምን ይሠራል ሌላ? ስድስት ነበሩ። ቤቱን ስንዘጋ አምስቱ ተሸጡ፤ ይቺን ግን ባለቤቴ አላስነካም አለች። ሳሎን አስገባናት። ማታ ማታ ከእራት በፊት ትጫወት ነበር።
እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት። ማሽኑ ደግሞ ባለፈው ወር ዝም አለ።

መጋቢት 5
ልጄ መጣች። መሥሪያ ቤቷ ኮምፒውተር ሲበላሽ የምትጠራው እሷ ናት። ውስጡን በባትሪ አየችና ጨዋታውን የያዘው ቦርድ ሞቷል አለች። የእማዬን ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ጭነን በሱ እንተካዋለን፤ ይሄን የድሮ ባለሆድ ስክሪን ግን ጥለን ጠፍጣፋ እንግጠምበት አለች።
አይሆንም አልኩ። እናትሽን በዚህ ብርሃን ነው የማያት ልል ነበር... አላልኩም። ጠፍጣፋ ነገር ሳጥኔ ውስጥ አይገባም አልኩ።
"አባዬ፣ አንተ እኮ ግንብ ነህ።"
ተስማማን። ኮምፒውተሩ የሷ፣ ሳጥኑና ሽቦው የኔ። ባለሆዱ ስክሪን ዝግ ያለ ነው አለች፤ የኮምፒውተሩን ፍጥነት አይችልም፣ እንዳለ ቢያያዝ ይቃጠላል። ቤቷ ወስዳ በፕሮግራም ታዘገየዋለች። ለኔ አራት ገጽ ወረቀት ጽፋ ተወችልኝ። ሁሉንም አንብበው፣ አደገኛ ነገር ነው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ለኔ አራት ገጽ?

መጋቢት 6
አንደኛውን ገጽ አነበብኩ። ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀ። ሶኬቱ ተነቅሎም የስክሪኑ መስታወት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቆያል ይላል። ከጀርባው ያለችውን የጎማ ቆብ እንዳትነካ ይላል። አልነካሁም።
ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ናት ያስቆጠረችኝ። መጻፉስ ይቀላል፣ የራሴን ነገር ነው የምጽፈው። የሰው ጽሑፍ ግን ሲደቅ ጉንዳን ይሆንብኛል። ደብዳቤ ሲመጣ እሷ "ዛሬ ዓይኔ ደህና ነው፣ እስቲ ስጠኝ" ትልና ጮክ ብላ ታነበዋለች። አይችልም የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ለልጃችን እንኳ።

መጋቢት 9
የሳጥኑ ወለል ጣውላ ጎብጧል፣ በስብሷል። ምን እንዳጎበጠው አገኘሁ። መዳብ የተጠመጠመበት ድብልብል ብረት፣ ትራንስፎርመር። እንደ ድንጋይ ይከብዳል! የሞተው ቦርድ ዕቃ ይሆናል። ከሞተ በኋላ ምን ያደርጋል? አወጣሁት። ሁለት ሽቦ ይገባል፣ ሁለት ይወጣል። የሚገባውን ከሚወጣው፣ ቀለምን ከቀለም አገናኘሁና በናስትሮ ጠቀለልኩ።
አዲስ ጣውላ ላግኩ። ልስልስ። አንድ ቀዳዳ የለበትም። ስንት ዘመኔ ነው እንዲህ ከላግኩ?

መጋቢት 12
ልጄ ደወለች። አነበብከው? አነበብኩ። ሁሉንም? ሁሉንም አልኳት።
ምን ልበል ታዲያ...

መጋቢት 15
የዛሬው ለመጻፍ ይከብዳል። ቢሆንም ልጻፈው።
ኮምፒውተሩን ተሸክማ መጣች። መጀመሪያ እሱ ብቻውን ይነሳል አለች፤ ሲነሳ ፈጣን ስለሆነ ከስክሪኑ የሚያያዘው ዝግ ካለ በኋላ ነው። አስነሳችው። ጠበቅን። ከዚያ ከሳጥኑ ጀርባ ተንበረከከች። በግራ እጇ የስክሪኑን የብረት ፍሬም ይዛለች፣ በቀኟ የኮምፒውተሩን ገመድ። እኔ ግድግዳው ጋ የስክሪኑን ሶኬት ይዤ ቆሜያለሁ።
ወደኔ ሳትዞር፣ "ሌላው ቀላል ነው አባዬ። እኔን ያስፈራኝ ሦስተኛው ገጽ ነበር። እሱን አንተ ካየኸው አልፈራም። በል ሰካው" አለች።
ሶኬቱ ሊገባ ጣት ያህል ነው የቀረው። ሰበብ ሞልቶ ነበር። ጉልበቴን አመመኝ ማለት ይቻላል፣ ሶኬቱ ላልቷል ማለት ይቻላል። ጀርባዋን አየሁት። ሹራቧ ትከሻው ላይ ተተርትሯል።
"ሦስተኛውን ገጽ አላነበብኩም" አልኩ። "ሁለተኛውንም። አልቻልኩም።"
የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ዞራ ፊቴን ስታይ ግን እጇን ከብረቱ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። ሶኬቱን ተቀበለችኝና ወንበሩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወረቀቱን አምጥታ አነበበችልኝ። የዚህ ስክሪን ፍሬም ራሱ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላል። በግድግዳውና በስክሪኑ መሃል ትራንስፎርመር የግድ ነው። ከሌለ፣ ብረቱንና የኮምፒውተሩን ገመድ ባንዴ የያዘ ሰው...
አልጨረሰችውም።
ትራንስፎርመሩ የት አለ አለች። ዕቃ ቤት አልኳት። ለምን አወጣኸው? ጣውላዬን ያጎብጥብኛል አልኩ።
መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጣውላ፣ ጣውላ እያለች ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።
"እማዬ ታውቅ ነበር?"
"እሷ ናት የምታነብልኝ።"
"እኔስ? እኔን ማን አድርገኸኝ ነው?"
ሰው እንዴት በልጁ ፊት... ግን ለዚህች ኀፍረት ስል ልገድላት ነበር።

መጋቢት 17
ልጄ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጠራች። ናስትሮ የጠቀለልኩትን ሽቦ አገላብጦ አየና፣ "አባባ፣ ይህን የሠራ ሰው በሕይወት አለ?" አለኝ። እያናገርከው ነው አልኩት። ስቆ ሥራ ጀመረ።
ትራንስፎርመሩን ቦታው መለሰው፣ ፊውዝም ጨመረበት። የኮምፒውተሩ ምልክት ለዚህ ስክሪን ደካማ ነው ብሎ ምልክቱን የምታጎላ ትንሽ ቦርድ መሃል አስገባ። ትራንስፎርመሩ እንዳይንቀሳቀስ ጣውላው አራት ቦታ ይበሳ ሲል ትራፓኖውን ቀማሁት። ከተበሳም በኔ እጅ ይበሳ። በሳሁት። አራት ቀዳዳ።

መጋቢት 22
ዛሬ በራ።
ኮምፒውተሩ አስቀድሞ፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ ስክሪኑ። ልጄ ተራውን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣ እኔ ሠራሁ። ባለሆዱ ቀስ ብሎ ሞቀ። መጀመሪያ ጭጋግ ቢጤ፣ ከዚያ ቀለሙ ከነነፍሱ መጣ። ሦስቴ ተጫወትኩ፣ ሦስቴ ተሸነፍኩ። እሷ እየሳቀችብኝ አራተኛ ጨዋታ ከፈተችልኝ።
ልትሄድ ቦርሳዋን ስታነሳ ከኮቴ ኪስ የሐኪሙን ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ወር አብሮኝ ከርሟል፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።
"እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት።
ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ሳትቸኩል አነበበችው። የግፊት ክኒኑ ጠዋትና ማታ ነው ይላል። እኔ ጠዋት ብቻ ነው ስውጥ የከረምኩት። አልተቆጣችም። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስተካክላ ዘረጋችው።
"ሌላስ አለ?" አለችኝ።
ተነሳሁ። ያልተነበበ ደብዳቤ የሞላበትን የቁም ሳጥን መሳቢያ ነቅዬ እንዳለ አመጣሁላት።