በፋሻ የታሰረው ላስቲክ፦ የአዋላጅ ነርስ ሲስተር ደራሽ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ሲስተር ደራሽ እያልን የምንጠራቸው እህታችን፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1973 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ክፍሏን ከሞተሩ የሚለያት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሌላው ሕፃን እሹሩሩ ሲባል እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እሳቸው ግን የሚተኙት ወፍጮው ሲጮህ ነው። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ብድግ ይላሉ። አባታቸው «ይቺ ልጅ ከነቃች ናፍጣው ሊያልቅ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እናታቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ በሰፉላቸው ቦርሳ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጊዜው አጠናቀው በ1992 ዓ.ም. ከነርሶች ማሠልጠኛ በአዋላጅነት ተመረቁ። ከክፍላቸው አንደኛ አልወጡም። ይህንን የምንጽፈው በቀብር ቀን ሁሉም ሰው አንደኛ ስለሚወጣ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ያልሆኑትን ሆኑ ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

በተመደቡበት ጤና ጣቢያ የማዋለጃው ክፍል በር አልዘጋ ብሎ አንድ አናጢ ተጠራ። አናጢው ያንን በር ለማስተካከል ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሱ። የእህታችን እናት ወሬው ሲደርሳቸው «ወይ በሩ ተንኮለኛ ነው፣ ወይ አናጢው» አሉ። በዓመቱ ተጋቡ። ከዚህ ትዳራቸውም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ2005 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ወደ ዳር መንደሮች ለሚወጡ አዋላጆች ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ሲያድል ለመንዳት ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። «ኧረ ሴት ልጅ ሞተር ላይ?» ላሏቸው ጎረቤት «ምጥ ታክሲ አይጠብቅም ጋሼ» ብለው ቁልፉን አዞሩ። ደራሽ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ከድልድዩ ማዶ ድምፁ ሲሰማ ከምታምጠው ሴት አጠገብ ያለች አማት «አይዞሽ ልጄ፣ ደረሰችልሽ። አሁን ጩኸቱን ለሞተሩ ተይለት» ትል ነበር ይባላል።

እስከዚህ ያለው በማንም የሕይወት ታሪክ ላይ ቢነበብ ያምራል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውን ወዳጅ ዘመዶች አለሳልሰን እንድናልፈው የጠየቁን አሉ። ጸልየንበታል፤ ጸልየንም አላለፍነውም።

ሞተሩ መታመም የጀመረው ባለፈው ዓመት ነበር። ጠዋት በአንድ ምት ይነሣል፤ ቆሞ ሲሠራም እንከን የለውም። ሲሞቅና መንገድ ላይ ድንገት ነዳጅ ሲሰጡት ግን ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፤ ልክ ትንታ እንደያዘው ሰው። ከዚያ ይፈናጠርና ይሄዳል። ዳገት ላይና ዋና መንገድ ሲያቋርጡ ይህ ትንታ ምን ማለት እንደሆነ የነዳ ሰው ያውቀዋል።

እህታችን ለመሥሪያ ቤታቸው ጋራዥ ኃላፊ ነገሩ። የዚያ ጋራዥ አሠራር እንዲህ ነው፦ መካኒክ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ከግቢው በር አያወጣም። ስለዚህ የሚመጣው ሁሉ ግቢው ውስጥ በማቆሚያው ቆሞ ይመረመራል፤ ተቀምጦበት ዳገት የሚሞክረው የለም። ኃላፊው ሞተሩን አስነሡና ጆሯቸውን ሰጡት። ቆሞ የሚሠራበትን ፍጥነት የምታስተካክለውን ብሎን በካቻቢቴ ከፍ አደረጓትና «ይኸው፣ ሰዓት መስሏል» አሉ።

«ቆሞማ ምን ያደርገዋል? የሚያመው ሲጫን ነው እኮ» አሉ ሲስተር ደራሽ።

«ካርቡራቶሩ ቆሽሾ ይሆናል፤ እናጥበዋለን።»

አጠቡት። በሌላ ጊዜም አጠቡት። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየሩ፤ የነዳጁን ቀዳዳ በአየር ነፉ፤ ደግመው አጠቡት። ለማጠብ ደግሞ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር ከሞተሩ ጋር ከሚያገናኘው የላስቲክ አንገት ላይ እየጎተቱ መንቀል አለባቸው። አሮጌውን ላስቲክ በጎተቱት ቁጥር ያኔ ማንም ያላየው ስንጥቅ ይሰፋል። መድኃኒቱ በሽታውን ይቀልበው ነበር።

እህታችን ሲሰለቻቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በገዛ ግቢያቸው ምርመራውን ራሳቸው ያዙት። ሞተሩን ነድተው አጋሉት፤ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬኑን ጨብጠው፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርጉት ሞተሩ ልክ ዳገት ላይ እንዳለ ታገለ። ባለቤታቸው በትልቅ መርፌ ውኃ ቀድተው በላስቲኩ ዙሪያ ጠብ ጠብ እንዲያደርጉ አዘዟቸው። ከላይ ሲንጠባጠብ ምንም የለም፤ በጎንም ምንም። ከሥሩ ሲደርስ ግን ውኃው ወደ ውስጥ ተሳበ፣ የሞተሩም ድምፅ ተዛባ። «እዚያው ጋ፤ አትነቃነቅ» አሉ ሲስተር ደራሽ። ቆሞ ሲሠራ የሚገጥም፣ ሲጫን የሚከፈት ስንጥቅ ነበር። በዚያ የሚገባው ንፋስ ነዳጁን ያሳሳዋል፤ ሞተሩን የሚያንቀውም ያ ንፋስ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ንጹሕ ነበር።

በዚያው ቀን ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ቆርጠው ስንጥቁ ላይ አጥብቀው ጠመጠሙ፤ በላዩም እንደ ተሰበረ እጅ በፋሻና በፕላስተር አሰሩት። ሞተሩ ዳገቱን ያለ ትንታ ወጣ። ማሰሪያው ጊዜያዊ መሆኑን ስለሚያውቁ ግን ሥራ ሲከፈት ወደ ጋራዡ ሄደው ላስቲኩ ከሥሩ መሰንጠቁን፣ እስኪቀየርም ማንም እንዳይፈታው ተናገሩ። ኃላፊው ሳቁ። «ሲስተር፣ እርስዎ ልጅ ያዋልዱ፤ ሞተሩን ለእኛ ይተዉ። ላስቲኩ ይታዘዛል» አሏቸው። በፋሻውም ግቢው ሁሉ ተሳለቀ፤ «ሲስተር ሞተሩን ቄሳር አድርገውታል» ተባለ። ይህን ቀልድ እሳቸው ራሳቸው እቤት መጥተው ነግረውን አብረን ስቀናል። 

የታዘዘው ላስቲክ ሳይመጣ የሰርቪስ ተራ ደረሰ። ሞተሩ ገብቶ እንደ አዲስ ተወልውሎ ወጣ። ሲስተር ደራሽ ቁልፉን እየተቀበሉ ሳለ ስልክ ተደወለ፤ ከድልድዩ ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ጠንቶባት ነበር። ጎንበስ ብለው ከታንከሩ ሥር ለማየት ፋታ አላገኙም። ከኮረኮንቹ ወደ አስፋልቱ መግቢያ ሲደርሱ ቆሙ፤ ግራና ቀኝ አዩ፤ የጭነት መኪናው ሩቅ ነበር። ነዳጅ ሰጡ። መሀል ላይ ሞተሩ ታነቀ። የመኪናው ሹፌር እንባውን እየጠረገ ለቅሶ ቤት መጥቶ የተናገረው ይህንኑ ነው፦ «አይታኝ ነበር፤ የምታልፍበት ጊዜም ነበራት። ሞተሩ መሀል ላይ ከዳት፤ ፍሬን ያዝኩ፣ አልደረሰልኝም።» በእሱ ላይ ቂም የለንም።

ሆስፒታል ገብተው እስከ ማታ ቆዩ። መጀመሪያ የጠየቁት ሴትዮዋ በሰላም መገላገሏን ነበር፤ ተገላግላለች። ቀጥለው ባለቤታቸውን «ለልጆቹ ንገራቸው፤ አልፈጠንኩም» አሏቸው። ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤታቸው በግድግዳ ላይ ባወጣው የሐዘን መግለጫ «በፍጥነትና በጥንቃቄ ጉድለት በደረሰ አደጋ» ይላል። ያው መግለጫ በዚህ የቀብር ጽሑፍ ላይ እንዲታተም ተልኮልን ነበር፤ አልታተመም።

ባለቤታቸው ወደ ጋራዡ ሄደው የተጨማደደውን ሞተር እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ። ተንበርክከው ከሥር በእጃቸው ዳሰሱት። ላስቲኩ ራቁቱን ነው፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

«ፋሻው የት ሄደ?» አሉ።

ኃላፊው ወዲያ ወዲህ ተመለከቱና «በሰርቪስ ጊዜ ነው የተነሣው። ለዓይን ስለሚያስጠላ አጽድተነው ነው» አሉ።

አናጢው ተነሥተው ወጡ። ቁጣ የሌላቸው ሰው ሆነው አይደለም፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው የወጡት እጃቸውን ስላላመኑት ነው።

እንግዲህ ልጆቻቸው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይስሙት፦ እናታችሁ አልፈጠነችም። አልተዘናጋችም። በሽታውን አግኝታው ነበር፣ ተናግራው ነበር፣ በእጇም አስራው ነበር። ያሰረችውን ፈቱባት። ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብላችሁ የምታጽናኑን ወገኖች፣ እግዚአብሔር ሰርቪስ አያደርግም፤ የሰውን ስንፍና በእሱ አናሳብብ። መግለጫውን የጻፉት ዛሬ እዚህ የአበባ ጉንጉን ይዘው ቆመዋል። አበባውን ተቀብለናል። የተለጠፈው ወረቀት ከግድግዳው ሳይወርድ ግን ሐዘናችሁን ተቀብለናል አንልም።

ትናንት ከዚያው ግቢ በተመሳሳይ ሞተር የሚወጡት የሥራ ባልደረቦቻቸው ለቅሶ ቤት መጡ። ሁሉም በእግራቸው ነበሩ። ቁልፎቻቸውን በጋራዡ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጥተዋል፤ እያንዳንዱ ሞተር ሰው ተቀምጦበት ከበሩ ወጥቶ ዳገት ካልተሞከረ፣ ላስቲኩም ካልተቀየረ ቁልፉን አናነሣም ብለዋል። ሥራ ጥላችኋል ተብለው ማስጠንቀቂያ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። እስከዚያው ወደ መንደሮቹ በእግራቸው ሊወጡ ተነጋግረዋል። ዛሬ አስከሬኑን በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡት እነሱ ናቸው።

ሲስተር ደራሽ በሕይወት ያሉ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድሞቻቸውንና እህቶቻቸውን፣ እጃቸው ተቀብሎ ወደዚህ ዓለም ያስገባቸውንም ስንቱን ልጅ ትተው አልፈዋል። ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

የማይሳሳት ዳኛ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን። ለእኛም ቁጣችን ወደ ክፋት ሳይለወጥ፣ ደክሞንም ሳይበርድ፣ እውነቱን ይዘን የምንቆምበትን ጉልበት ይስጠን። አሜን።