የጾም ሆት ዶግና የወተት ዳቦ

ሰኞ

ጉድ ሆንኩ። ቅበላው ትናንት አለቀ፤ የደብረ ብርሃን ሕዝብም ከቋሊማዬ ጋር በይፋ ተፋታ። እስከ ትናንት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሲጋፉብኝ የነበሩት ተማሪዎች ዛሬ ጋሪዬን እንደ ወረርሽኝ በሽተኛ በሩቁ እያዩ አለፉ። ሆት ዶግ እኮ በዚህ ብርድ ሆድንም ሁለት እጅንም የሚያሞቅ ብቸኛ ምግብ ነው! ማን ይረዳኛል።

ባለቤቴ ሰናይት «እስከ ፋሲካ ምን ልንበላ ነው? ጋሪውን ሽጠው» አለችኝ። እንደ ሀገር መሪ ግንባሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሽምብራ ዱቄት ዓሣ የሚሠራ ሕዝብ ቋሊማ መሥራት ያቅተዋል?

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ዘይት ውስጥ ተበተነ። ሁለተኛው ድንጋይ ሆነ። ሦስተኛው (ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ትንሽ የተልባ ዱቄት) ቅርጹን ይዞ ወጣ። አጨበጨብኩ። ብቻዬን።

አማቴ እማማ ጥሩወርቅ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተዋል። ቆራቢ ናቸው፤ የፊታችን እሑድ ሊቆርቡ እየተዘጋጁ ነው። ከቅዳሴ መልስ አንዱን ከነዳቦው ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲጣፍጥ ያስፈራል» አሉ። ቀጥለው «ሰናፍጭ አድርግበት።»

ማዮኔዝን እንቁላል አለበት ብዬ ከሥልጣን አወረድኩ። ሰናፍጭ ተሾመ።

ረቡዕ

ካርቶን ላይ «የጾም ሆት ዶግ» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። አንዱ ተማሪ «ብሮ፣ ጾመኛ በግ ነው ያረድከው?» አለኝ። ግን ገዛ። ተመልሶ መጥቶም ገዛ። ከሰዓት ላይ ጋሪው ባዶ!

እየፎከርኩ ቤት ስገባ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለአማቴ «አማችሽ ሥጋ ነው ያበላሽ እየተባለ ነው» ይላሉ። የሽምብራ ዱቄቱን ከነከረጢቱ አምጥቼ ፊታቸው ዘረገፍኩት። ቤት ያስቀረሁትን ቀመሱ።  ረታሁ ስል እትዬ አስካለ፦

«ዳቦውስ?»

ዳቦው። የምገዛው ከጋሽ ተፈራ ዳቦ ቤት ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ የእኔን ቁመት በሚያህል ፊደል፣ «የወተት ዳቦ» ተብሎ ተጽፏል። በየቀኑ ከሥሩ እያለፍኩ ስለ ቋሊማ እጨነቅ ነበር።

ሐሙስ

እማማ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ጥፋቱ የሆዴ ነው። የንስሐ አባቴን ሳላገኝ አልቆርብም» አሉና ወደ ጎረቤላ ለመመለስ ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ። ይህን ቁርባን ለገና ቀጠሩት፣ ታመሙ፤ ለጥምቀት ቀጠሩት፣ ታመሙ። አሁን ድነው መጡ፤ አማቻቸው አበላሸባቸው። ሰናይት አታናግረኝም። ጋሪውን አላወጣሁም።

ጋሽ ተፈራ ለለቅሶ ደነባ ከተማ ሄደዋል፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ሠራተኞቹን ወተት ታደርጋላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። «እሳቸውን ጠይቅ።»

ዓርብ

ስልኩ ተነሳ። ጥያቄዬን ሲሰሙ ጋሽ ተፈራ ለቅሶ ቤት መሆናቸውን ረስተው ሳቁ።

«ወተት? በዚህ ኑሮ? ወተቱ ያለው ታፔላው ላይ ነው! ዘይትና ስኳር ነው የኔ ወንድም። ካወራህ ግን ከእኔ ቤት ዳቦ አታገኝም።»

በሰው አጭበርባሪነት እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። ሮጬ ለእማማ ነገርኩ። ረጋ ብለው አዩኝ።

«ወይ ታፔላው ላይ ዋሽቷል፣ ወይ ላንተ ዋሽቷል። የቱን ልመን?»



ቅዳሜ

ስንነሳ እማማ የሉም። የታሰረው ጓዝ አለ። ሰናይት «ነጠላዋን ብቻ ይዛ በእግሯ ሄደች!» ብላ አለቀሰች። መናኸሪያ ሮጥኩ፤ የአንኮበር መኪና ሞልቶ ወጥቷል አሉኝ። 

ስመለስ በራችን ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው ዱቄት ብቻ።

ዳቦ ቤት ነበሩ ለካ! ሠራተኞቹ ሊጡን ሲያቦኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራስጌያቸው ቆመው አዩ። ዘይቱን አሸተቱ፣ ባልዲውን ገለበጡ።

«የወተት ሽታ የለው! ሌቦች!» አሉ፣ ፊታቸው ወገግ ብሎ። «ለተሰለፈው ሰው ሁሉ ነገርኩልህ። ከእንግዲህ ማንም አይጠረጥርህም።»

ለተሰለፈው። ሰው። ሁሉ።

እማማ ጓዛቸውን እየፈቱ ነው፤ ነገ ይቆርባሉ። ሰናይት ሳቀች። ስልኬ ይጮኻል፤ ጋሽ ተፈራ ናቸው። አላነሳሁም።