በእድር ወንበር ስለ ማጥባት

ለተከበሩ አቶ ቢያዝን፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ላለው ጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ጤና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ወንበር ተደግፋ ለምታጠባው ለሥዕሏ እናት ይሁን። ሁለት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ፣ አፌ ተሳስሮ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ጠይቄ የተመለስሁት ልጅ እኔ ነኝ። አጥርተው ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ፤ ጉዳዬ ግን ሌላ ነበር።

፩. እህቴ ያምሮት እርጉዝ ሳለች ከጋሪ ወድቃ የተሰበረው ቀኝ እጇ ጉልበት ስላልተመለሰለት፣ ስትወልድ ሕፃኗን ወለተ ሐናን ማቀፍ አቃታት። ባለሙያዎችዎ «እንደ ሥዕሉ ወንበር ላይ ተቀመጪ» ብለው መከሯት። ቤታችን ያለው መደብ ብቻ ስለሆነ ባሏ አለበል የእድሩን ወንበር ለምኖ አመጣ። የእድር ወንበር አራስ ቤት ሲገባ ያዩ ጎረቤቶቻችንም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ደረሱ። ሕፃኗን በሕይወት ስላገኟት ደስ አላቸው፤ እህቴ ግን ስታነባ ዋለች፣ የወንበሩም መደገፊያ ክንዷን አላስጠጋ አላት።

፪. እሑድ ዕለት የጤና ጣቢያዎ ባልደረባ ወይዘሪት ሠርክአዲስ በዕረፍት ቀናቸው ቤታችን መጡ። ሙያቸው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ የተጎዳ ሰው የዕለት ሥራውን ባለው አቅም እንዲሠራ ያስተምራሉ። መጀመሪያ እህቴ ለማጥባት ስትሞክር አዩ። ከዚያ ወንበሩን አስመለሱ፣ ጋቢ አጣጥፈው ከጀርባዋ አደረጉ፣ በጎኗ አስተኟት፤ ሕፃኗን የማስጠጋቱን ሥራ ለአለበል ሰጡት። «ይሄማ የሴት ሥራ ነው» ሲላቸው፣ «ወንድሜ፣ ልጅቱ የማን ናት? ያዝ!» አሉት። ወለተ ሐና ጉሮሮዋ እስኪሰማ ጠባች።

፫. አለበል ለአጨዳ ሲወጣ፣ እኔም ትምህርት ቤት ስሆን፣ ብቻዋን እንዴት እንደምታጠባ ሊያሳዩዋት ቀጥረው ነበር። እርስዎ ግን ማጥባት ተፈጥሮ ነው፣ ቴራፒ አያሻውም ብለው ካርድ ክፍል መደቧቸው። ካርዶቻችን አሁን እጅግ በሚያምር ጽሑፍ ስለሚጻፉ እናመሰግናለን።

ወለተ ሐና ባለፈው ስትመዘን ቀንሳ ነበር። ሐሙስ እንደገና ትመዘናለች። ያምሮት ማጥባት የማልችል ምን እናት ነኝ እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀምራለች። የምለምንዎ ከሐሙስ በፊት የወይዘሪት ሠርክአዲስን አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

ድምፅዋ ከብዕሯ የሚያንስ፣ በሥራ ብዛትዎ ላይ ለመጨመር የምታፍር፣ አክባሪዎ
ምሥራቅ፣ የያምሮት ታናሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንደተለመደው ስለ ጡት ማጥባት ጥቅም ሊሠለጥኑ ፍኖተ ሰላም የሚሄዱ ከሆነ፣ ፈቃዱን ለዘበኛው ትተውልን ይሂዱ። ወለተ ሐና ገና ሥልጠና ስላልወሰደች፣ ርቧት መጠበቅ አልተማረችም።