የቀኝ እጁን ላክልን

ለተወደድከው ወንድሜ ለጂሩ፣

አካም ጂርታ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ኡርጂስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ያ ወገብህ የጀርመን ብርድ ሳይገባ ተሻለህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ሀርሜ ድምፅህን በስልክ የሰማች ቀን የእግሯን ሕመም ትረሳዋለች፤ ሲመሽ ግን እግሯ ራሱ ያስታውሳታል። ባለቤቴ ድርቤ ደህና ናት። ልጃችን አሜን አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ምላሷ ግን ከእሷ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ደርሷል። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው በአማርኛ ስለሆነ እንደ ልማዴ በእሱ ጻፍኩልህ። በስልክ ያልነገርኩህ በሳሎኑና በልጄ በኢቢሳ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። ከአንተ ዘንድ የመጣው ታዲዮስ ወደዚያው ሊመለስ ነውና ይህን ይዞልህ ይመጣል።

ለመጻፍ ስቀመጥ ልቆጣህ ነበርና ቁጣዬን አስቀድሜ ልጨርስ። በታዲዮስ እጅ የላክኸው መነጽር ፊትን ሙሉ ሸፍኖ በማሰሪያ ከራስ ጋር የሚታሰር ነው። ሀርሜ ልጓም ብላዋለች፤ "ጂሩ የልጅ ልጄን ለጎመው" እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። አንተ ያልከኝ ልጁ ከክፍሉ መውጣት ካቃተው ዓለም ወደ ክፍሉ ይግባለት፣ ባሕርና ተራራ ይይበት ነበር። ባሕሩን አንድ ቀን አይቶ ተወው። ጭነህ ከላክሃቸው ጨዋታዎች የሙጥኝ ያለው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የተኩስ ነው። ምነው ጂሩ! ጥይት ከቤት ላዋለው ልጅ ተኩስ ይላካል?

ነገሩን ታውቃለህ። ከአንገር ጉቲን፣ ከአክስቱ ቤት ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ላይ ከተተኮሰ ወዲህ ኢቢሳ ትምህርቱንም መዘምራኑንም ትቷል። ማን እንደተኮሰ አላወቅንም። እሱም ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አልወጣውም ነበር። ፓስተሩ መጥተው ጸለዩለት። ጓደኞቹ መጥተው ግድግዳ አይተው ሄዱ። እኔም መከርኩ፣ ጮኽኩ፣ በመጨረሻም ለመንኩ።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ያላየሁትን ነገር መስደብ አልወድም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ መነጽሩን እንዲያስርልኝ ጠየቅኩት። አሜን ልትቀርጸኝ ስልኳን ደግና፣ "አባ ጠፈር ላይ ወጥቶ ፈተና ሊያርም ነው" ብላ ሳቀችብኝ። ኢቢሳ አሰረልኝና በሁለቱም እጄ ጆይስቲክ አስያዘኝ። በግራው ባትሪ ታበራለህ፣ በቀኙ ትተኩሳለህ አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሳሎኑ ጠፋ። ከምድር እጅግ በራቀ መርከብ ውስጥ፣ ጨለማ ኮሪደር ላይ ቆሜያለሁ። ከላይ ቧንቧ ያንጠባጥባል። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። እጄን ሳነሳ ጓንት ያጠለቀ የሌላ ሰው እጅ ይነሳል። ከመስኮቱ ውጪ፣ ምንም አየር በሌለበት ባዶ ጠፈር፣ አንድ ነገር ይጮኻል። ድምፅ ያለ አየር አይሄድም፤ ይህን የሠራው ሰው ዘጠነኛ ክፍል አልተማረም እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ከጀርባዬ የኢቢሳ ድምፅ፣ "ለሚጮኸው ንገረው፣ አባ" አለኝ። ስንት ወር ሙሉ ቀልድ ከአፉ አልወጣም ነበር። ደስ ብሎኝ ላየው ዞርኩ። የነበረው ግን ያ ነገር ነው።

በአንድ ወቅት ሰው ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛ ቱታ ለብሷል፤ ደረቱ ተቀዷል፤ በጣሪያው ላይ በአራት እግሩ ይመጣል። ሽጉጥ መያዜ ትዝ አላለኝም። የመርከቡ መብራት ጠፋ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ያኔ በደረቴ ምንጣፉ ላይ ወደቅኩና "ተኙ! ከመስኮት ራቁ!" ብዬ ጮኽኩ። ከሆዴ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። እሱንም ከጨዋታው ቆጠርኩት።

መነጽሩን ከፊቴ ሳወልቅ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ሀርሜ በዚያ እግሯ ከወንበር ወርዳ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ድርቤ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ፣ ሲስቅብኝ የነበረውን የአሜንን አፍ በደረቷ ሸፍናለች። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቤተሰቤ ይህን ትምህርት ይህን ያህል ማጥናቱን አላውቅም ነበር።

የቆመው ኢቢሳ ብቻ ነው። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን። ይስቅብናል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ራስጌዬ ተቀመጠና፣ "አባ፣ እዚያ ውስጥ መተኛት አያድንም። እዚያ መተኮስ ይቻላል" አለኝ። ከዚያ ሳንጠይቀው የአውቶቡሱን ነገር አወራ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ብርቱካን ስታካፍለው ነበር። ሁለቱም ወንበር ሥር ሲተኙ የሹራቡን እጅጌ ጨምድዳ ይዛው ነበር፤ በኋላ ለቀቀችው። ስሟን አልጠየቃትም። "እጄ ባዶ ነበር። እዚያ ስገባ ቢያንስ እጄ ባዶ አይደለም" አለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ወለሉ ላይ እንደተዘረጋሁ ነው።

ቀጭ ያለው የቀኙ ጆይስቲክ ነው። ሆዴ ሰብሮታል። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለ የሞባይል ጠጋኝ ሁሉ ጋ ይዤው ዞርኩ። ፈየራ የሚባል አንድ ጎበዝ ልጅ ፈትቶ አየውና፣ "ጋሼ፣ ይሄ እዚህ አገር ዘመድ የለውም" ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ከእንግዲህ ይተወዋል ብዬ ነበር። አልተወውም። በግራው እጅ ብቻ ይገባል። ባትሪውን እያበራ የሚመጣበትን ያያል፣ የሚያደርገው ግን የለውም። እኔ ከግድግዳው በዚህ በኩል ተቀምጬ እርምጃውን እሰማለሁ። ይሄዳል፣ ይቆማል፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ሲተኛ እሰማለሁ። ድርቤ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። እኔም በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ቁጣዬን ትቼዋለሁ፣ ወንድሜ። የቀኙን ላክልን። ለኢቢሳ መድኃኒት ይሁን መርዝ አላውቅም፤ እዚያ ያሉ ሐኪሞችን ጠይቅልኝ። ግን መልሳቸውን ሳትጠብቅ ላከው። የሚመጣ ሰው ካጣህ በፖስታም ቢሆን ይሁን።

ሀርሜ ጉንጭህን ትስማለች፤ ሁለተኛ ልጓም እንዳትልክ ብላለች፣ ከልጓሙ የጎደለው እጁ መሆኑን አልነገርናትም። ድርቤ ለኡርጂ ናፍቆቷን ትልካለች። አሜን የአጎቷን ልጆች ሰላም ብላለች፤ እኔ ስወድቅ የቀረጸችውን ራሷ አጥፍታዋለች። ለኢቢሳ ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ነግሬው ምን ልበልልህ አልኩት። "የግራው ደህና ነው በለው" አለኝ።

ወንድምህ ጉሉማ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.