ለመጣል ይመለስ የተባለው ተርሚናል

ቀን፦ ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባቡር ጭነት ድርጅት
የንብረት አስተዳደር መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአባቴ አልጋ አጠገብ የሚገኘው አሮጌ ተርሚናል፣ ከነኪቦርዱና ከነሳጥኑ፣ ተሰባብሮ ሳይጣል ባለበት እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ጊዜዎን መሻማቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እየለመንኩ አቤቱታዬን አቀርባለሁ። ከዚህ ቀደም ቢሮዎ ደጅ ስጠና ጸሐፊዎ «በቃል አይሆንም፣ በጽሑፍ አምጪው» ስላሉኝ፣ ይኸው በጽሑፍ አምጥቻለሁ።

1. እኔ አመልካች ኮምፒውተር ጠግኜ የማድር ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በድርጅትዎ ጭነት ክፍል የተርሚናል ኦፕሬተር ነበሩ። ተርሚናል ስክሪንና ኪቦርድ እንጂ የራሱ አእምሮ የሌለው ዕቃ ነው፤ የሚያስብለት ምድር ቤት የተቀመጠው ትልቁ ኮምፒውተር ነበር። ያለ እሱ ፈቃድ አንድ ፉርጎ ንቅንቅ ስለማይል ኦፕሬተሮቹ «ጋሼ» ይሉት ነበር። ኦፕሬተሩ ጥያቄውን ጽፎ የመላኪያውን ቁልፍ ሲጫን ኪቦርዱ ይቆለፋል። ጋሼ እስኪመልስ ድረስ አንዲት ፊደል መጻፍ አይቻልም። እርግጥ ነው፣ መቆለፊያውን በግድ የሚከፍት ቁልፍ ዳር ላይ አለ፤ እሱን መንካት ግን በጭነት ክፍል ነውር ነበር። ጠይቆ መልስ አለመጠበቅ ትልቅ ሰው ሲናገር ጥሎ እንደመሄድ ነው ይሉ ነበር አባቴ። እኛንም ያሳደጉን በዚሁ ደንብ ነው። አንድ ነገር ጠይቀናቸው መልሱን ሳንሰማ ከክፍሉ ከወጣን ወዮልን።

2. ድርጅትዎ ወደ አዲሱ አሠራር ሲዞር ጋሼ በክብር ተሰናበተ። ተርሚናሎቹ ግን ምድር ቤት ተከመሩ። ተራውን ኮምፒውተር ተርሚናል አስመስለው ከጋሼ ጋር ያነጋግሩ የነበሩት ሳጥኖችም፣ ሠራተኛው «አስመሳይ» የሚላቸው፣ አብረው ተከመሩ። ከዚያ መምሪያዎ «ለእነዚህ ዕቃዎች አዲስ ጥቅም ያገኘ ወስዶ ይሞክር» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፈ። ሐሳብ አልጠፋም። ዘበኛው የአንዱን ስክሪን ሆድ ዕቃ አውጥተው ለድመታቸው ቤት አደረጉት፤ ድመቷ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ኪቦርዱን ለበር መደገፊያ ወሰዱት፤ እውነት ለመናገር ያ በር ከዚያ ወዲህ በንፋስ ተላትሞ አያውቅም። እኔም አንድ ተርሚናል፣ አንድ ኪቦርድና አንድ አስመሳይ «ለሙከራ» ብዬ ፈርሜ ወሰድኩ። ምን እንደማደርግበት አላውቅም ነበር። አሮጌ ዕቃ ሲጣል ማየት አይሆንልኝም፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

3. በመካከሉ አባቴን ስትሮክ መታቸው። ተመስገን፣ ተረፉ፤ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም። እኒያ የጨዋታ ሰው፣ ሲጠየቁ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉት ማየት አንጀት ይበላል። ዘመናዊ ስልክ ገዛንላቸው። ጣታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውሃ ለመጠየቅ ሲነኩት የገዛ አፍንጫቸውን ፎቶ አነሳባቸው። ወረወሩት፤ እኔም አልፈረድኩባቸውም።

አንድ ቀን ያንን ኪቦርድ አቧራውን ልጠርግለት ብዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሳስቀምጠው እጃቸው ራሱ ሄዶ ቦታውን ያዘ። ያ ኪቦርድ ከባድ ነው። ቁልፎቹ ጣትን መልሰው ይገፋሉ፤ ካላመኑበት አይጽፉም። የሚንቀጠቀጠው ጣት እዚያ ላይ ሲደርስ አረፈ። እኔም በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ አስመሳዩ ላይ ሠራሁበት፦ ተርሚናል መምሰሉን ትቶ ጋሼን ራሱን እንዲመስል አድርጌ፣ አባቴ የሚልኩት እዚያ እንዲነበብ ከሱቄ አምጥቼ ወጥ ቤት ካስቀመጥኩት ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አባቴ የጻፉት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

«ጭነት፦ ሻይ። ብዛት፦ አንድ። መድረሻ፦ መኝታ ቤት።»

ተርሚናሉ ፊደላችንን ስለማያውቅ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ለእርስዎ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ምን አሳፍሮኝ፣ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። እናቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና በአንድ ጣት እየለቀሙ «ተልኳል። ስኳር ተከልክሏል።» ብለው መለሱ።

4. ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ጋሼ እናቴ ናቸው። አባቴም «እትዬ» የሚል የሥራ ስም አውጥተውላቸዋል። ክቡር ኃላፊ፣ ያ የመጠበቅ ደንብ ለጋሼና ለልጆች እንጂ ለሚስት አይሠራም ነበር፤ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቋረጡ የጨረሱበትን ቀን አላስታውስም። አሁን መላክ ማለት መቆለፍ ነው። እትዬ ሽንኩርታቸውን ከትፈው፣ ጎረቤት ሸኝተው፣ ደስ ባላቸው ሰዓት ይመልሳሉ። ባለፈው ሰሞን አባቴ «ጨው አንሷል፣ ይጣራ» ብለው ቢልኩ «ተጣርቷል፣ ጥፋቱ የምላስህ ነው» የሚል መልስ ደረሳቸው። ሳቁ። ድምፅ ያለው ሳቅ ነው የምልዎ። የንግግር ሐኪሟም ይህ ዕቃ ከእጃቸው እንዳይለይ አሳስበዋል፤ የጻፉት ማስረጃ ተያይዟል።

5. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዕቃዎቹ በሙሉ ተሰብስበውና ተሰባብረው እንዲጣሉ ስለተወሰነ በመሥሪያ ቤቱ «ጋሽ ቆጠራ» የሚባሉት ባልደረባ ቤታችን ድረስ መጥተው ተርሚናሉን አስረክቡ አሉን። ለምን እንደሚፈለግ ብጠይቅ ሊጣል ነው አሉ። ለሚጣል ዕቃ ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው ብላቸው፣ ያልተመለሰ ዕቃ ሊጣል እንደማይችል፣ ካልተጣለ ደግሞ የንብረት ቆጠራው እንደማይዘጋ አስረዱኝ። ለሰሚው ግራ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀት ስል ቆጠራውን፣ ሞኝ ስል ራሴን ማለቴ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ሰውዬው ደግ ናቸው። ገመዱን ለመንቀል ጎንበስ ሲሉ አባቴ ሳይልኩ ስክሪኑ ላይ «ማነህ? የይለፍ ቃል አስገባ» ብለው ጻፉ። ጋሽ ቆጠራ ቢጨንቃቸው በዚያው ኪቦርድ የመታወቂያ ቁጥራቸውን ጻፉ። «ስህተት። እንደገና ሞክር።» የልደት ቀናቸውን ሞከሩ። «ታግደሃል። ተቀመጥና ሻይ ጠጣ።» ይህችኛዋን ወደ ወጥ ቤት ላኳት፤ እትዬም ሻዩን ላኩ። ጠጥተው ገመዱን ሳይነኩ ወጡ፤ በር ላይ ግን ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ባልፍ በወደድኩ። መኪናው ግን ሰኞ ይመጣል፤ ወይ አለቃዬን አሳምኚ» አሉኝ። ስለዚህ አለቃቸውን ላሳምን መጣሁ።

6. የምለምነው ይህ ነው። ማስታወቂያዎ አዲስ ጥቅም ፈልጉ ብሎ ነበር፤ ጥቅሙ ተገኝቷል። ተርሚናሉ «ሥራ ላይ ያለ» ተብሎ ይመዝገብልኝና ሰኞ የሚመጣው መኪና ቤታችንን ይለፈው። የግድ የሚጣል ነገር ካልተገኘ ቆጠራው አይዘጋም ከተባለ፣ ሱቄ ውስጥ በክብደት የሚተካከለው የሞተ ኮምፒውተር ሞልቷል፤ ተሸክሜ አመጣለሁ። ድመቷ ቤት አግኝታ፣ በሩ ድጋፍ አግኝቶ፣ ዕድሜያቸውን ለድርጅቱ የሰጡ ሰው አንደበታቸውን ቢነጠቁ ግን ደግ አይደለም።

7. እስከዚህ የጻፍኩትን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «ረዝሟል» ብለው ጻፉ። ከዚያ የራሳቸውን ጻፉ፦

«ለኃላፊው። ዕቃው ሥራ ላይ ነው። ይቆይ?»

የመላኪያውንም ቁልፍ ተጫኑ፤ ኪቦርዱ ተቆለፈ። እትዬ «ይቆይ» ብለው ሊመልሱ ሲነሡ አባቴ እጃቸውን አንሥተው ከለከሏቸው፤ ጥያቄው የተላከው ለእርስዎ እንጂ ለወጥ ቤት አይደለምና። እኔ በግድ የሚከፍተውን ቁልፍ ልንካ ብል ልጅ ሳለሁ ያዩኝ በነበረው ዓይን አዩኝ። ዳግመኛ አልሞከርኩም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልጻፉም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ የእሱ ግን ሊነቅዝ ነው» እያሉ ይንጎራደዳሉ። ዛሬ ጠዋት ሳይጠየቁ ሻይ አቀረቡላቸው፣ ስኳርም ጨመሩበት። አባቴ አልቀመሱትም፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው፣ መልስዎን ይጠብቃሉ።

አንዲት ቃል ትበቃቸዋለች።

ከወጥ ቤትም ከመኝታ ቤትም ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የኦፕሬተሩ ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ