አቶ አይደለሁም

ግንቦት 4
ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም፤ አርባ ዓመት ግንብ ገንብቻለሁ፣ አንዱም አልፈረሰም። «ከምትጮህብኝ ተናገርና ልጻፈው» አለችኝ። ይሁን።
ዛሬ ፓስፖርቴን ላሳድስ ኤምባሲ ሄድኩ። ከተሰደድኩ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አገሬን አልረገጥኩም። ታላቅ እህቴ የአባታችንን ቤት ባሳደገቻት ልጅ ስም ልታዞር ነው። ወንድምሽ በአካል ቀርቦ ካልተስማማ አይሆንም ብለዋታል ቀበሌዎቹ። ቀጠሮው ሰኔ 20። ዓይኗም እየደከመ ነው...
ሦስት ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ ጸሐፊው ነገ ይምጡ አለኝ።

ግንቦት 5
መጣሁ። ጸሐፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ከዓመታት በፊት በምስክር ባወጣሁት አሮጌ ፓስፖርት ስሜ ከነአባቴ አለ። በዚህ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ግን የመጀመሪያ ስሜ «አቶ» ነው።
እውነት ነው። ያኔ ድንበር ላይ መዝጋቢው ስም ሲለኝ ጫማ የለኝ፣ ሻንጣ የለኝ... ክብሬስ? «አቶ» ብዬ ጀመርኩ። ቋንቋችንን የት ያውቃል፣ እንዳለ ከተበው። ልጄም እዚህ ስትወለድ የአባቷ ስም አቶ ሆነ። በመሥሪያ ቤቷ ወይዘሮ አቶ ይሏታል። እየሳቀች ነው። ጻፊው።
ጸሐፊው እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው አለኝ። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላውን አንተ ፈልገው አልኩት።

ግንቦት 12
ማመልከቻ ላይ ፈርም አሉኝ። ልጄ አነበበችልኝ፦ «እኔ አመልካቹ፣ አቶ አይደለሁም።»
በዚህ ላይ ጣቴን ላትም? የምትክደው ማዕረጉን አይደለም አባባ፣ ስሙን ነው ትላለች። የሚያነበው ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ግንቦት 13
አልሄድኩም።

ግንቦት 20
ጸሐፊውን ሌላ ቃል ፈልግ አልኩት። ቅጹ ይኸው ነው አለ። አለቃውስ? ስብሰባ ላይ። ይህ ስብሰባ የሚባለው ነገር አያልቅም እንዴ?

ግንቦት 26
እህቴ ደወለች። ትደግፈኛለች ብዬ ሁሉን ነገርኳት። አስጨረሰችኝ። ከዚያ...
«አንተ ንፍጣም፣ በጀርባዬ አዝዬ ሳሳድግህ አቶ ነበርክ?»
ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ሄደ።
«ዓይኔ ሳይጨልም ና።»

ግንቦት 27
አተምኩ። ሲሚንቶ የበላው ጣት መስመር የለውም ብሎ ጸሐፊው ደግም አለኝ። ደገምኩ። አሁንም ደግም። ሦስቴ አቶ አይደለሁም አልኩ፤ የዶሮ ጩኸት ብቻ ቀረ።

ሰኔ 14
ፓስፖርቱ ደረሰ። አቶ የለበትም። ደስ ብሎኝ ሳገላብጠው የልጄ ፊት ጠቆረ። የመኖሪያ ፈቃዴ አሁንም አቶ ነው። ስትመለስ በር ላይ ያቆሙሃል፣ መጀመሪያ ይሄኛው ይስተካከል ትላለች። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስድስት ወር። ለቀጠሮው የቀረኝ ስድስት ቀን።
አንዱን ስጠግን ሌላው ተሰነጠቀ። ግንብ ቢሆን አፍርሼ እሠራው ነበር።

ሰኔ 16
ነገ እሄዳለሁ። ስወጣ በስሜ እወጣለሁ፤ ስመለስ አቶ ይግባ። አይገባም ካሉት... እዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ጡብ የደረደረው እሱ ነው፤ ግንቡን ይጠይቁ።
እጅሽ ለምን ቆመ? አይዞሽ። እመጣለሁ።
በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። እህቴ ያለችው ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።